የመስከረም ምንጣፍ በቂርቆስና በካዛንቺስ ግቢዎች

ከመስቀል ዐደባባይ ተነሥቶ ወደ ካዛንቺስ የሚያቀና መንገደኛ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲያልፍ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽና ከፊት ለፊቱ ያለውን፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተሠርቶ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይባል የነበረውን ግቢ ያያል። ዐይን የሚሄደው ወደ ሕንፃው ነው፤ ወደ ምድሩ የሚመለከት ጥቂት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አንባቢዎቻችንን የምንጋብዘው አንገታቸውን ደፋ አድርገው እንዲከተሉን ነው፤ ስለ ምድር ልብስ ልንነጋገር አስበናልና።

በአገራችን አበባ ሲባል ቀድሞ በሐሳብ የሚመጣው ቀና ብሎ የቆመው ነው፤ ጽጌረዳውና አደዩ። ይሁን እንጂ ከመሬት ከስንዝር የማይበልጥ፣ ቅርንጫፉን እየዘረጋ በየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ አንድ ጊዜ ከተተከለ ዓመት እስከ ዓመት የሚኖር፣ ዝናሙ አባርቶ ፀሓይ ስትወጣም እንደ ምንጣፍ የሚያብብ ሌላ ወገን አለ። ይህን ወገን «ምድር አልባሽ» ብንለው ስሙ ከግብሩ ጋር ይስማማል። የሐምሌ ዝናም በራቁት አፈር ላይ ሲወርድ ጭቃውን እስከ ግድግዳው ወገብ ይረጨዋል፤ ለሙን አፈር አጥቦም ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። በጥር ደግሞ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ አቧራው በተሰጣው ልብስ ላይ ይሰፍራል። በአዲስ አበባ በዓመት የሚወርደው ዝናም ከ1000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከዚህም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ይወርዳል። ስለዚህ ለሦስት ወር የሚደበደበውንና ለቀረው ዓመት የሚጠበሰውን መሬት ማልበስ የቅንጦት ሥራ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ ወቅት ስም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤተሰብ ዘር ገዝቶ የሚያከስረው በዚህ ምክንያት ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ይባላል። በተለምዶ አነጋገር ግን ሰው ጸደይ የሚለው አደይ የሚፈነዳበትን የመስከረምንና የጥቅምትን ወራት ነው። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በመጣ የዘር ፖስታ ላይ «በጸደይ የሚያብብ» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ በረዶ የሚቀልጥበትን፣ በእኛ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ወራት ማለቱ ነው። እነሆ፣ አንድ ስም ለሦስት ነገር። በዚያ አገር አበባውን የሚቀሰቅሰው የብርዱ መሄድ ነው፤ በእኛ ግን የደመናው መገፈፍ ነው። የእኛ የአበባ ወራት ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ የሰየመችው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው፣ የእመቤታችንና የልጇ ስደት የሚታሰብበትና ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት ዘመን ነው። የግቢውን ሥራ በዚህ ላይ ያሰላ አይሳሳትም።

ስለ ካዛንቺስም እንናገር። ስሙ የተገኘው ኢጣሊያ አገራችንን ይዛ በቈየችባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ፤ የሰፈሩ ሰው አፍም ቃሉን አለዝቦ ካዛንቺስ አደረገው። ቤቶቹ ዝቅ ያሉና በግቢ የተከበቡ ነበሩ። ወራሪው ሲወጣ ቤቱ ባለቤት ለወጠ፤ ግቢውም አማርኛ ተማረ ማለት ይቻላል። የባዕድ ሚስቶች አበባ በደረደሩበት መደብ ላይ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ኮሰረቱና ዳማ ከሴው ገባ፤ ከመደቡ ጠርዝ፣ ድንጋዩን ታክኮ፣ ጦስኙ ተነጠፈ። ወደ ቂርቆስ ሲወረድ ግን ቤቱ ይጠጋጋል፤ ግቢውም ይጠብባል። በዚያ የሚበዛው አትክልት በጣሳና በግማሽ በተቈረጠ የዘይት ጀሪካን የሚኖረው ነው።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማት ሥራ ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ሰፈሮች ተዛወሩ። ወራቱ መስከረምና ጥቅምት፣ ግቢው ሁሉ ያበበበት ወራት ነበር። ዕቃ ተጭኖ ይሄዳል፤ ዛፍ ግን አይጫንም። የጽጌረዳ ቍጥቋጦም በችኰላ ሲነቀል ብዙ ጊዜ ይሞታል። ከምድር ተጣብቆ የሚኖረው ትንሹ ተክል ግን በየአንጓው ሥር ስላለው፣ መዳፍ የምታክል ቍራሽ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ ከድስቱና ከምጣዱ ጋር መሄድ ትችላለች። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሰፊ መንገድ፣ በዳሩም ሣርና አበባ ያያል። ለዐይን ያማረ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ የመንገድ ዳር አበባ የሚታይ ነው፤ የግቢ ጦስኝ ደግሞ ማለዳ ለሻይ የሚቀነጠስ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ ይሞላል ብለን አናምንም።

በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያየነውን አንድ ግቢ ለዚህ ምስክር እንጠራለን። ግቢ ያልነው ለክብር ነው፤ ርዝመቱ ስድስት ርምጃ፣ ወርዱ ሦስት ርምጃ ነው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ በተነጠፈው ጥርብ ድንጋይ መካከል፣ በየስንጥቁ፣ ጥቅጥቅ ያለ ትንሽ ቅጠል ሞልቶ በላዩ ወይን ጠጅና ሐምራዊ የተቀላቀለ አበባ ተበትኗል። እግራችንን ወዴት እንደምናሳርፍ ብንቸገር ሳቁብን።

«እርገጡት ልጆቼ፤ ግድ የለም። ይኼ ሲረገጥ ነው ደኅና አድርጎ የሚሸት» አሉ።

«እማማ፣ ከየት አገኙት?» አልናቸው።

«ከክርስትና ልጄ። ካዛንቺስ ቤታቸው ሊፈርስ ሲል፣ በመጨረሻው ቀን ግማሹን ለኔ አመጣች፤ ግማሹን ይዛ ገላን ጉራ ሄደች። እናቷ የተከሉት ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። እዚያ ቢደርቅባት ከኔ ትወስዳለች፤ ከኔ ቢደርቅ ከእሷ አመጣለሁ ተባብለናል።»

እንዳሉትም ሆነ። የክርስትና ልጃቸው የወሰደችውን የተከለችው ከሕንፃ ግንባታ በተረፈ ድልድል አፈር ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሚያርፍበት ስፍራ ነበር፤ በየካቲት ደረቀባት። በሐምሌ 19፣ ለንግሥ ስትመጣ፣ ከእኒህ እናት ደጃፍ ሁለተኛዋን ቍራሽ በላስቲክ ይዛ ተመለሰች። ያን ጊዜ እናቲቱ የሰጧት ምክር ከብዙ የአትክልት መጽሐፍ ይሻላል፦ «ከግድግዳው አርቂው፤ ውኃ አታብዢበት፤ ፀሓይ የሌለበት ቦታ ብቻ አትስጪው።»

ጦስኝ ከየት እንደ መጣ መግለጥ ይገባል። በዱር የሚበቅለው በአገራችን ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ፣ በተራራ ገመገም፣ በድንጋይ መካከልና በተጋጠ ሣር ላይ ነው። በባሌ ተራሮች፣ በመንዝ፣ ከደብረ ሲና በላይ በጣርማ በር አካባቢ በብዛት ይገኛል። ሊቃውንት ሁለት ዐይነት አድርገው ይለዩታል፤ በይበልጥ የታወቀው በሳይንስ ስሙ ቲሙስ ሺምፔሪ ይባላል። ይህም ስም በ1800ዎቹ በፈረንጅ አቈጣጠር ወደ አገራችን መጥቶ ዕፅዋትን ሲሰበስብ የኖረውንና በ1878 በዐድዋ የሞተውን ጀርመናዊ ቪልሄልም ሺምፐርን ለማስታወስ የተሰጠ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን በሰው አገር ሣር ሲለቅም ኖሮ ስሙ በቅመም ላይ መቅረቱ የሚገርም ነው። ጦስኝ በአውሮፓ ማድ ቤት የታወቀው የታይም ዘመድ ሲሆን፣ መዓዛውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ዘይቶች ናቸው። እናቶቻችን በሽሮና በወጥ የሚጨምሩት፣ ለጉንፋንና ለሳል በሻይ የሚያፈሉት በስሙ ሳይሆን በሽታው ዐውቀውት ነው።

የካዛንቺስና የቂርቆስ ከፍታ ከ2300 ሜትር ጥቂት ያልፋል። እንግዲህ ጦስኝ በእኛ ሰፈር በሚኖርበት ወሰን በታችኛው ጫፍ ላይ ይገኛል ማለት ነው። የደጋው ነፋስና ቍልቍለት የሚሰጡትን ነገር ግቢው በጥበብ ሊሰጠው ይገባል፤ ይኸውም ሙሉ ፀሓይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ነው። ጦስኝን የሚገድለው ጥማት ሳይሆን በሐምሌ ሥሩ በውኃ መዘፍዘፉ ነው።

ስለዚህ መደቡ ከዙሪያው መሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። አፈሩ ቀይ ከሆነ ሲሶውን አሸዋና ደቃቅ ጠጠር መቀላቀል ይበቃዋል። ጥቁር መረሬ ከሆነ ግን፣ በክረምት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ ነውና፣ አሸዋ ጨምሮ ማሻሻል ብዙ ድካም ነው፤ ይልቁንስ ድንጋይ ደርድሮ በላዩ ሌላ አፈር መሙላት ይሻላል። ፍግ አይብዛበት። ጮማ አፈር ላይ የተተከለ ጦስኝ ቅጠሉ ይረዝማል፤ መካከሉ ይከፈታል፤ ሽታውም ይላላል። ጥቂት የምድጃ አመድ ብትነሰንሱበት አይጠላውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጠላት ሰርዶ ነው። ሰርዶ የገባበት የጦስኝ ምንጣፍ ከዓመት በላይ አይቈይም፤ ሥራቸው ተጠላልፎ አንዱን ለመንቀል ሌላውን ማጥፋት ግድ ይሆናል። በዚህ ረገድ የበልጉ ካፊያ ይረዳናል። በመጋቢትና በሚያዝያ መደቡን ቆፍሮ መተው ነው፤ ከመሬት ውስጥ የቀረው የሰርዶ ሥር በካፊያው ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ በእጅ እየሳቡ ማውጣት ነው። በግንቦት መጨረሻ እንደ ገና መኰትኰት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሰለቸው ሰው ከወዲሁ በጣሳ ቢተክል ይሻለዋል።

ተከላው ተዳፋትና ከፍ ያለ መደብ ባለው ግቢ በሰኔ መጨረሻ ይጀመራል፤ ሥር ለመስደድ የክረምቱን እርጥበት ያገኛልና። ሜዳና ጥቁር አፈር ባለበት ግን እስከ ፍልሰታ መታገሥ ይበጃል፤ ዝናሙ ሊቀንስ ሲል የተተከለ አይበሰብስም። ከአሮጌው ምንጣፍ ዳር ሥር ያላቸውን ቍራሾች በስለት ገንጥሎ፣ በቍራሽና በቍራሽ መካከል ከስንዝር ጥቂት ያለፈ ቦታ እየተዉ መትከል ነው። መካከሉ ባዶ መስሎ የቤተሰቡን ዐይን ያስጨንቃል፤ በሁለተኛው መስከረም ግን ይገጥማል። እስከዚያ ባዶውን በጠጠር ማልበስ የዝናሙን ርጭት ይከለክላል። በበጋ የመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማለዳ፣ ጠጥቶ እስኪጠግብ ማጠጣት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እርሱ ራሱ ሲለምን ይታያል፤ የቅጠሉ ጫፍ ይኰማተራልና።

ጥቁር መሬት ላላቸውና መረሬውን ለመታገል ለማይፈልጉ ሌላ ተክል አለ፤ ማገጥ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ በመስከረም ሜዳውን ከአደይ በታች ነጭና ሐምራዊ የሚያደርገው፣ ንብ የማይለየው ነው። በአገራችን ከ20 የሚበልጡ የማገጥ ዐይነቶች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከዚህ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ከጥቅምት በኋላ የሚቈረጠው ማር ከማገጥና ከአደይ የተቀሰመ ነው። ሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች ከአየር ናይትሮጅንን ይዘው አፈሩን ያለመልማሉ፤ ስለዚህ ለተጎዳ መሬት መድኀኒት ነው። ነገር ግን መምረጥ ያስፈልጋል። ብዙው ማገጥ በዘሩ የሚታደስ፣ በኅዳር የሚደርቅ ነው፤ ለግቢ የሚፈለገው በየአንጓው ሥር ሰድዶ የሚሳበው፣ ከዓመት ዓመት የሚቈየው ነው። ከሜዳ ስታመጡ ግንዱን ገልብጣችሁ እዩት፤ ከአንጓው ነጫጭ ሥሮች ወጥተው ከሆነ የምትፈልጉት እርሱ ነው። ለፋሲካ በግ አስቀድሞ ገዝቶ በግቢው የሚያስር ቤተሰብ ግን ማገጡን ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል።

አደይ ራሷስ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከተማችን ስሟን በ1879 ዓ.ም. ከእቴጌ ጣይቱ ስትቀበል አዲስ አበባ መባሏ፣ ለብዙ ሰው የአደይን መልክ በልቡና ያመጣል። ሆኖም አደይ ቁመቷ እስከ ጉልበትና ከዚያም በላይ የሚደርስ፣ ጥቂት ሳምንት ደምቃ የምትደርቅ ናት፤ ምድር አታለብስም። ከምንጣፉ ጀርባ፣ በአጥሩ ሥር ትቁም፤ ለእንቍጣጣሽና ለደመራ ትቈረጥ። ሥፍራዋ ያ ነው።

ከውጭ የመጡትን በአጭሩ እናልፋለን። በአበባ ሻጮች ዘንድ ከሚገኙት ለፀሓያማ ግቢ የምንመክረው የደቡብ አፍሪካው ጋዛኒያ ነው። ብርቱካንማና ቢጫ አበባው ፀሓይ ስትወጣ ይከፈታል፤ ደመና ሲሆንና ሲመሽ ይከደናል፤ ድርቅንም ይችላል። ምናልባት የሚጎድለው መዓዛ ብቻ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ተራሮች የተገኘውና በጃፓን ኮረብታ ሙሉ ተተክሎ ሕዝብ ሊያየው የሚጎርፍለት ድንክ ፍሎክስ ግን፣ ሥዕሉ ምንም ቢያስጎመጅ፣ በዚህ ከተማ የሚደክሙበትን ያህል ዋጋ አይከፍልም እንላለን። እንዲህ ያሉ ተክሎች እንቡጣቸውን የሚያዘጋጁት በረዥም ብርድ ተኝተው ከቈዩ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ በዓመቱ ረዥሙ ቀንም ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ተክሉ መቼ እንደሚተኛና መቼ እንደሚነሣ የሚነግረው ነገር የለም። ቅጠሉ ይለመልም ይሆናል፤ አበባውን ግን ይነፍጋል። ከውጭ አገር ዘመድ ዘር ሲልክ ማመስገን ይገባል፤ ቦታውን ግን ለጦስኙ መስጠት ነው።

በመጨረሻም ስለ አቈራረጥ። በገበያ የሚሸጠው ጦስኝ አብዛኛው ከተራራ የተለቀመ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከነሥሩ ተነቅሎ ይመጣል። እስሩን ገልብጦ ያየ ሰው ሥሩን ከነአፈሩ ያገኘዋል። እንዲህ የተነቀለበት ቦታ ራቁቱን ይቀራል፤ በሚቀጥለው ክረምትም አፈሩ ይታጠባል። በዱር የሚገኘው ጦስኝ እየተመናመነ መሄዱን ያጠኑት ሰዎች የሚጠቅሱት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሦስት ርምጃ መደብ ያለው ቤተሰብ ለዓመት የሚበቃውን ከግቢው ያገኛል። በመጀመሪያው ዓመት አለመንካት ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ አበባው ሲያልፍ፣ ዘመነ ጽጌ ባለቀ ሳምንት፣ በኅዳር፣ ከላዩ ሲሶውን ብቻ በመቀስ መከርከም ነው፤ እንጨት ወደ ሆነው ግንድ ከወረዱ አያቈጠቍጥም። የተከረከመው በሰፌድ ተሰጥቶ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሓይ ላይ የተሰጣ ሽታው ይተናልና። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ይቀመጣል። ከዳር ሥር ያላቸው ቍራሾች ከተገኙም በጣሳ ተክሎ፣ ጠዋት ፀሓይ በሚያገኝ ደጃፍ ማኖር ነው፤ በሐምሌ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል።